ቀን ስድስት ሰዓት ላይ የሚበራው መብራት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ ያለችው ሻይ ቤት ገና ቁጭ ከማለቴ አንዱ ወንበሩን ይጎትትና፣ «ጋሽ ከድር፣ እስቲ እውነቱን ንገረኝ፣ አሮጌ ሶላር ይሠራል?» ይለኛል። ይሠራል። ስንት ዓመት ፀሐይና ዝናብ የተፈራረቀበት ፓነል ታጥቦ፣ ተፈትሾ፣ የተላቀቀው ተያይዞ ሲወጣ ገና ብዙ ዕድሜ አለው። ዕድሜዬን የፈጀሁበት ሥራ ስለሆነ ይህን እየተጠራጠረ የሚያደርቀኝን ሰው አልወድም። ማንም ጠይቆኝ የማያውቅ ሌላ ነገር ግን አለ፤ አሁን የምጽፈው እሱን ነው። እኔ የኤሌክትሪክ ሰው ነኝ፤ ቴስተር ያላነበበውን አላምንም ስል የኖርኩ። በመጨረሻው የሥራ ሳምንቴ ያየሁትን ቴስተሬም አነበበው፣ እኔም በዓይኔ አየሁት፤ እስከ ዛሬ ግን አልገባኝም።

መሥሪያ ቤታችን ያገለገሉ ፓነሎችን መሰብሰብ የጀመረው እኔ ዱራሜ ተመድቤ የውኃ ፓምፕ ስጠግን በነበረበት ጊዜ ነው። የስልክ ማማ ላይ አዲስ ሲገጠም አሮጌው ይወርዳል። መስመር የገባለት ጤና ኬላ ሶላሩን አውልቆ ግቢው ጥግ ያቆመዋል። ፕሮጀክቱ ያለቀ ድርጅት ቁልፉን አስረክቦ ሲሄድ ጣሪያው ላይ ያለውን ይረሳዋል። ይህ ሁሉ እየተለቀመ ሆሳዕና ይመጣና ተጠግኖ፣ የመብራት መስመር በቅርቡ ይደርሳቸዋል ተብሎ ለማይታሰብ ቀበሌዎች ይሰጣል። እኔም ለዚሁ ወደ ሆሳዕና ተዛወርኩ። የዝውውር ደብዳቤው ላይ የአባቴን ስም ተሳስተው ነበር፤ ለማስተካከል ስንት ወር እንደተመላለስኩ ባወራ ወረቀቱ አይበቃኝም፣ ይለፍ።

ወርክሾፑ ቀድሞ እህል ይከማችበት የነበረ መጋዘን ነው። የመጀመሪያ ቀን በሩን ስከፍት ፓነሎቹ በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረው፣ እያንዳንዳቸው በአሮጌ ብርድ ልብስ ተሸፍነው አገኘኋቸው። መሀል ላይ አንድ ሽማግሌ በርጩማ ላይ ተቀምጠው መነጽራቸውን ይወለውላሉ። ጋሽ ወልዴ ናቸው። የጉራጌ ነጋዴ ልጅ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ሬዲዮ ሲጠግኑ ያረጁ፣ መሥሪያ ቤቱ በኮንትራት የቀጠራቸው። እኔም ለቀልድ ያህል በሽተኞቹ እንዴት አደሩ አልኳቸው። አልሳቁም። በሩን ዝጋ አሉኝ።

ከዚያ አስቀምጠው ነገሩኝ። ሬዲዮ ሲዘጋ ይዘጋል፣ ፓምፕ ሲጠፋ ይጠፋል፤ ፓነል ግን ማጥፊያ የለውም። ብርሃን እስካየ ድረስ፣ ሰው ፈለገውም አልፈለገውም፣ በጀርባው ባሉት ሁለት ሽቦዎች ጫፍ ሥራውን ይቀጥላል። ቤቱ ፈርሶም፣ ባለቤቱ ሞቶም ይቀጥላል። ማሳረፍ የሚቻለው በመሸፈን ብቻ ነው። ይህን ከትምህርት ቤት አውቀው ነበር፤ ከእሳቸው አፍ ስሰማው ግን በእነዚያ ብርድ ልብሶች መሀል መቀመጡ ደስ አላለኝም።

በዚያው ክረምት ዶዮገና ላይ በዓይኔ አየሁት። ለአንድ ትምህርት ቤት ፓነሎች ይዘን ደረስን፤ ጉሙ አጠገብህ ያለውን ሰው አያሳይም። ፓነሎቹን ከእንሰቱ ጥግ አራግፌ፣ ብርድ ልብሱን ገፍፌ፣ የሽቦውን ጫፍ ሳልሸፍን ምሳ ልበላ ገባሁ። ድንገት ጉሙ ተገለጠና ከእንሰቱ ውስጥ ጠጠጠጥ የሚል ድምፅ መጣ። ወጥተን ስናይ እርጥብ ቅጠል ላይ የወደቁት ሁለት ሽቦዎች ሰማያዊ ብልጭታ እየተወራወሩ ነው። አካባቢው ላይ ሰው የለም። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ በካምባትኛ የሆነ ነገር እየደገመ ወደ በሩ ሸሸ። ጋሽ ወልዴ ምንም ሳይቸኩሉ ሄደው ጋቢያቸውን አውልቀው ፓነሉ ላይ ጣሉበትና ብልጭታው ቆመ። ከዚያ ቀን ወዲህ የሽቦ ጫፍ ሳልጠቀልል ምሳ በልቼ አላውቅም።

የጋሽ ወልዴ አሠራር ያበሳጨኝ ነበር። ፓነል ሲመጣ አይነኩትም፣ መጀመሪያ ይጠይቃሉ። ከየት ወረደ? ማን ቤት ነበር? ከሥሩ ማን ይቀመጥ ነበር? ያመጣው ሹፌር አላውቅም ካለ ፊታቸው ይጠቁራል። ከጠየቁ በኋላ በለስላሳ ጨርቅ ያጥቡታል፣ በፀሐይ አንጻር ይዘው መስታወቱን ያነቡታል፣ በጣታቸው አንጓ ዳር ዳሩን እያንኳኩ ያዳምጡታል። ከዚያ መዳፋቸውን ጀርባው ላይ አሳርፈው ረጅም ጊዜ ይቆያሉ፤ የታመመው ቦታ ከሌላው ይልቅ ስለሚሞቅ በእጅ ይታወቃል። ቴስተር የሚያነሡት በመጨረሻ ነው፤ እሱንም ሁለት ጊዜ፣ ጠዋት በብርዱና እኩለ ቀን ላይ ቆርቆሮ ላይ አስጥተው ከጋለ በኋላ። ሆሳዕና ጠዋት ብርድ ነው፤ በብርድ ደህና የሆነ ፓነል ሲግል የሚሞትበት ጊዜ አለ ይሉኛል።

ያገኙትን ሁሉ በማርከር ጀርባው ላይ ይጽፋሉ። ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደጎደለው፣ የት መሄድ እንዳለበት። በመጨረሻው መስመር የጠገነው ሰው ስም ይገባል። እዚህ ላይ ቀልድ አያውቁም ነበር። አንድ ቀን እሳቸው የሠሩት ላይ የእኔን ስም ጽፌ አገኙኝና ቀኑን ሙሉ አላናገሩኝም። ማታ ስንለያይ፣ «ያልሠራኸው ላይ አትፈርም፤ የሠራውንም ሰው ስሙን አትንፈገው» አሉኝ። ሌላው ሕጋቸው ደግሞ ይህ ነበር፤ ሰው ቤት ገብተህ አንዲት ቡሎን ከመፍታትህ በፊት ከመብራቱ ሥር የሚቀመጠውን ሰው ጠይቅ። የሚጠራህን ሰው ሳይሆን የሚቀመጠውን። እኔ ጊዜ ማባከኛ ይመስለኝ ነበር፤ ፊት ለፊት ባልናገርም በሆዴ አሾፍባቸው ነበር።

ጋሽ ወልዴ በእግራቸው ሕመም ቤት በዋሉበት ዓመት አዲስ ኃላፊ መጡልን። ጎበዝ ሰው ናቸው፣ ሪፖርትና ፎቶ ይወዳሉ። ትልቅ የርክክብ ቀን ተቆርጦ ነበርና ወርክሾፑን ሊያዩ መጥተው፣ ጀርባው ላይ የተሞነጫጨረው ሁሉ ይጥፋ፣ ሕዝቡ አሮጌ ሰጡን ይላል አሉ። ለጋሽ ወልዴ ደውዬ ነገርኳቸው። ቢያንስ መጀመሪያ ደብተር ላይ ገልብጠው አሉኝ። እሺ አልኩ፤ አልገለበጥኩም። እያንዳንዱን በቃሌ አውቀዋለሁ ብዬ ነው። ቤንዚንና ጨርቅ ይዤ በአንድ ቀን ሁሉንም አጸዳሁ። ከእነዚያ መሀል አንዱ ከተዘጋ የፕሮጀክት ግቢ የመጣ ሲሆን፣ ጋሽ ወልዴ በትልልቅ ፊደል «ደጋ ብቻ» ብለው ጽፈውበት ነበር። ሲግል ውስጡ ያለች ቀጭን የብረት ጥብጣብ ከመጋጠሚያዋ ትላቀቃለች፤ ስትበርድ ትመለሳለች። መጋጠሚያዋ ከመስታወቱ ሥር ስለሆነ ያኔ የምንደርስበት ዘዴ አልነበረንም። ያ ፓነል ዶዮገና ብርድ ውስጥ ቢገጠም ዕድሜ ልኩን አይቸገርም ነበር። እኔ ግን በመልክ ከሚመሳሰለው መንትያው ጋር ቀላቀልኩት። መንትያው ዶዮገና ሄደ፣ እሱ ከሺንሺቾ ቁልቁል ወደ ቆላው ወረደ።

ቆላ የወሰደው ኑረዲን የሚባል ወጣት ነው፣ ለእናቱ ቤት። እኔው ራሴ ሄጄ ገጠምኩለት። ትከሻው ሰፊ፣ እጁ ትልቅ፣ ጥያቄው የማያልቅ ልጅ ነበር። ጣሪያ ላይ ሆነን ብልሽት ቢመጣ እኛ ጋ መብራት የለ፣ በምን ይበየዳል አለኝ። ወፍራም ሚስማር በፍም አግለህ መበየጃውን ሊድ ታቀልጣለህ አልኩት፤ ጋሽ ወልዴ ድሮ ሬዲዮ እንደዚያ ይሠሩ ስለነበር ነው። መድፈኛ ሲሊኮን ባይኖርስ አለ። ደጋ ከሆነ የንብ ሰም ይበቃል፣ እዚህ ግን የፓነል ጀርባ በአንዲት ቀትር ሰሙን አቅልጦ ያፈሰዋል አልኩት። ሳቀና ሲሊኮን ይዤ እመጣለኋ አለ። ከየት እንደሚመጣ ያኔ አልገባኝም። በዚያው ሰሞን እንደ ብዙዎቹ የአገራችን ልጆች በደቡቡ መንገድ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተነሣ።

ሁለት ዓመት ያህል አለፈ። ጋሽ ወልዴ በዚህ መሀል አረፉ። አንድ ቀን ሁሴን የሚባል ሰው ወርክሾፕ መጣ፤ የኑረዲን አጎት ነው፣ የሟች አባቱ ወንድም። የኑረዲን እናት እትዬ ዙበይዳ ቤት ያለው መብራት አብዷል አለኝ። ማታ መብራት ሲገባው እኩለ ቀን ላይ ራሱ ይበራል፣ ባትሪውን ይጨርሳል፣ ማታ ሴትዮዋ ጨለማ ውስጥ ይቀመጣሉ። ጉዳዩ ወዲያው ገባኝ። እኛ የምናድላቸው መብራቶች ማብሪያ የላቸውም። ፓነሉ ኃይል መስጠት ሲያቆም ባትሪውን የሚቆጣጠረው ኮንትሮለር መሸ ብሎ መብራቱን ያበራል። ቀትር ላይ ጥብጣቧ ስትላቀቅ መብራቱ መሸ ብሎ ያምናል ማለት ነው። የትኛው ፓነል እንደሆነም ያኔ ገባኝና ጆሮዬ ጋለ። ለሁሴን ግን ምንም አላልኩትም።

ሁሴን የገበያ ቀን እንድመጣ ለመነኝ። ደረስኩ። እትዬ ዙበይዳ ሺንሺቾ ገበያ ወጥተዋል። ብልሽቱን ሳላየው አልነካም ብዬ ከሁሴን ጋር ቤት ውስጥ ተቀመጥን። ውጭው ፀሐይ ነው፣ ዓይን አያስገልጥም። ውስጡ ጨለም ብሏል። ስድስት ሰዓት ሲሆን ከጣሪያው ቆርቆሮ ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማና መብራቱ ቦግ አለ። ነጭ መብራት ነው፣ በጠራራ ቀን። ዶሮዎቹ ከበሩ ላይ ሲሸሹ አየሁ። ሁሴን ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ቀረ። ሰበቡን አውቀዋለሁ፤ የማውቀውን ነገር ሳይ ፀጉሬ ለምን እንደቆመ አላውቅም።

ያን ጊዜ ሌላም ነገር አየሁ። ልክ ከመብራቱ ሥር የሰሌን ምንጣፍ ተነጥፏል፣ መሀሉ በመቀመጥ ብዛት አልቋል። ጎኑ ላይ አንዲት አሮጌ ስልክ በንጹሕ መሀረብ ላይ ተቀምጣለች። እዚህ የሚቀመጥ ሰው እንዳለ፣ በዚህ ሰዓት እንደሚቀመጥ ማየት ለሚችል ሰው ግልጽ ነው። የጋሽ ወልዴ ጥያቄ አፌ ድረስ መጣ። ሴትዮዋን ጠብቄ ልጠይቅ አልኩ በሆዴ። ከዚያ የመመለሻ መኪና ትዝ አለኝ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የራሴ ስሕተት ጣሪያው ላይ ተቀምጦ ያየኛል። ቶሎ ላጠፋው ፈለግሁ። ወጣሁ።

በነዚያ ዓመታት ዘዴውን ተምሬ ነበር። ፓነሉን ገልብጬ ሸፈንኩት፣ ጀርባውን በምላጭ ቀስ ብዬ ፍቄ ትንሽ መስኮት ከፈትኩ፣ የተላቀቀችውን ጥብጣብ አገኘኋት፣ በሊድ አያያዝኳት፣ በሲሊኮን ደፈንኩት። ፀሐይ ላይ አግዬ ለካሁ፤ ቁጥሩ አልተንቀሳቀሰም። ከሠራኋቸው ሁሉ የተዋጣልኝ ጥገና እሱ ነው። ኮራሁበት፤ አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል።

እትዬ ዙበይዳ የተመለሱት ጥገናው ካለቀ በኋላ ነው። ለካ ሁሴን ገበያ ላይ የሚያዘገያቸው ሰው አዘጋጅቶ ኖሯል። ቀና ብለው የጠፋውን መብራት አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። የገዙትን አስቀመጡ፣ እጃችንን አስታጠቡን፣ ቆጮና አይብ አቀረቡልን። እኔም ቁጭ ብዬ በላሁ።

ሁሴን መኪና እስክይዝ ሸኘኝና መንገድ ላይ የቀረውን ነገረኝ። ኑረዲን በየሳምንቱ አርብ ስድስት ሰዓት ላይ ከጁምዓ በፊት ለእናቱ ይደውል ነበር። አንድ አርብ ላይ ስልኩ ቆመ። አብረውት የሄዱ ልጆች መንገድ ላይ ቀርቷል፣ ሰው የታጨቀበት መኪና ውስጥ ነበር ብለው ላኩ። አስከሬን ያየ ግን የለም። ዘመድ ለቅሶ እንቀመጥ ሲል እትዬ ዙበይዳ እምቢ አሉ። ለቅሶ ያልተቀመጡበት ቤት ደግሞ ከባድ ነው፤ ጎረቤቱ አላህ ያጽናሽ አይል፣ እንኳን ደስ ያለሽ አይል፣ ዓይኑን ሰብሮ በበሩ ያልፋል። መብራቱ እየበራ ልጄ አለ እያለች ነው፣ መብራቱ ከቆመ ሐዘኑ ይወጣላታል ብለን ነው አለኝ። ሁሴንን በዚያ ሰዓት ልመታው ነበር። ግን የወጣሁት እኔ፣ ያልጠየቅሁት እኔ።

በሳምንቱ እትዬ ዙበይዳ ወርክሾፕ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ጉልበታቸውን እያመማቸው በሁለት መኪና መጥተዋል። ወንበር አቀረብኩላቸው። እኔም ቀድሜ ተናዘዝኩ። መብራቱን ያሳበደው ከኑረዲን ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ብልሽት መሆኑን፣ ፓነሉ ቆላ መውረድ እንዳልነበረበት፣ ጽሑፉን በቤንዚን ያጠፋሁት እኔ መሆኔን ነገርኳቸው። እስክጨርስ አዳመጡኝ። አማርኛቸው አጭር ነው፣ ቀስ ብለው ይናገራሉ።

«ብልሽት መሆኑን የማላውቅ መስሎህ ነው?» አሉኝ። «ኑረዲን ራሱ በስልክ ነግሮኛል። ሲሞቅ ይላቀቃል፣ ማንም እንዳይነካው፣ ስመጣ እኔ እሠራዋለሁ አለኝ። አሁን አንተ ሠራኸው። ሲመጣ ምን ይሠራል?»

እኚህ ሴት ጂን አላመለኩም፣ አላበዱም። ልጃቸው ሳይጨርሰው የሄደውን አንድ ሥራ ጠብቀው ይዘውለት ነበር። እኔ እሳቸውን ሳልጠይቅ በመሀል ገብቼ ጨረስኩበት። በሕይወቴ ካጠፋሁት ሁሉ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው።

በማግሥቱ አብሬያቸው ወረድኩ። በሥራ ዘመኔ ደህናውን ፓነል ሆን ብዬ ያበላሸሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ማበላሸትም ሙያ ይጠይቃል ለካ። ሊዱን አንሥቼ ጥብጣቧን ብለያት ጭራሽ አልሠራ አለ፤ ጠጋ ባደርጋት ቀትሩንም ዝም ብሎ አለፈው። ሲበርድ እንድትነካ፣ ሲግል እንድትለይ አድርጎ ማስቀመጥ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ሁሴን ቤት አደርኩ። መስኮቱን ሳልደፍን በፕላስተር ብቻ ከለልኩት። ጀርባው ላይ ጋሽ ወልዴ ጽፈውት የነበረውን «ደጋ ብቻ» መልሼ ጻፍኩ፣ ከሥሩ ደግሞ «አልተጠገነም» ብዬ ጨመርኩ። የጠጋኙን ስም ቦታ ባዶ ተውኩት። በሦስተኛው ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ቆርቆሮው ጠቅ አለ፣ መብራቱም በራ። እትዬ ዙበይዳ ምንጣፋቸው ላይ ተቀምጠው ስልኳን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። እኔ ደጅ ቆሜ ጠበቅሁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ስልኳ አልጮኸችም።

ከዚያ በኋላ ሥራዬን ቀጠልኩ። አዲስ ለሚቀጠሩት የጋሽ ወልዴን ጥያቄ እንደ ጸሎት አስጠናኋቸው፤ ለካ እኔም አበሳጭ ሆኛለሁ። በየሄድኩበት ቀትር ላይ የቆርቆሮ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ቀና እላለሁ። ጡረታዬ ሳምንት ሲቀረው ሁሴን ደወለ። መጥተህ ነበር ወይ አለኝ። ካለፈው ረመዳን ወዲህ አልመጣሁም አልኩት። መብራቱ ቀን መብራት ካቆመ ስምንት ቀኑ ነው፣ ሰው ደግሞ አልመጣም፣ ውሻም አልጮኸ አለኝ።

ወረድኩ። በዚህ ጊዜ ግን ዕቃዬን ሳላወርድ እትዬ ዙበይዳ ዘንድ ገባሁ። «እትዬ፣ ልየው?» አልኩ። «እየው። አትንካው» አሉኝ።

ጣሪያው ላይ ወጥቼ ፓነሉን ቀና አደረግሁት። ፕላስተሬ የለም። የከፈትኩት መስኮት ተደፍኗል፤ በሲሊኮን አይደለም፣ በንብ ሰም ነው። ሰሙ ስስ ስለሆነ ከሥሩ ያለችው ጥብጣብ ትታያለች፤ በሊድ ተያይዛለች። የሊዱ አያያዝ የባለሙያ አይደለም፣ እብጥ ያለ ነው፣ ውስጡም የአመድ ብናኝ አለበት። በፍም በጋለ ሚስማር የተሠራ ሊድ እንደዚያ ነው የሚሆነው። ያንን ዘዴ በዚያ አገር ለአንድ ሰው ብቻ ነው የነገርኩት።

ለካሁት። ስድስት ሰዓት ነበር፣ ቆርቆሮው እግሬን በጫማዬ ውስጥ ያቃጥለኛል። ቴስተሩ ላይ ሃያ ቮልት ቆሟል፣ ንቅንቅ አይልም። ከዚያ ሰሙን አየሁት። ስምንት ቀትር ያለፈበት ሰም ነው። ቀልጦ መፍሰስ ነበረበት፤ የፓነሉ ጀርባ እጅ አያስነካም። አልቀለጠም። መሀሉ ላይ አንድ የአውራ ጣት አሻራ አለ፣ መስመሮቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። አውራ ጣቴን አጠገቡ አስጠጋሁ፤ ከእኔ ይሰፋል። እትዬ ዙበይዳ ጉልበታቸው መሰላል አያስወጣቸውም፣ እጃቸውም የሕፃን ያህል ነው። ሁሴን ከፍታ ይፈራል፣ አምፖል መቀየር እንኳ አያውቅም። ይህን ሁሉ ጣሪያው ላይ ቆሜ አሰብኩ፣ ፈራሁም። ጠራራ ፀሐይ ላይ እንደዚያ በርዶኝ አያውቅም።

ስወርድ እትዬ ዙበይዳ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። ፊቴን አዩት።

«ተሠርቷል አይደል?» አሉኝ።

«ተሠርቷል» አልኩ። ማን እንደሠራው አልጠየቅሁም። ለመጀመሪያ ጊዜ መጠየቅ የማይገባኝ ነገር ያለ መሰለኝ።

ወደ ሁሴን ዞሩ። ስልኳን ከመሀረቧ ጋር አጣጥፈው ያዙ። «ቃሉን ጠብቋል። ሠርቶልኝ ሄደ» አሉት። «አሁን ለቅሶውን ተቀመጡ።» ከዚያ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ያላለቀሱትን አለቀሱ። ሁሴንም በሩ ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ።

ድንኳን ተተከለ። አስከሬኑ ለሌለ ሟች የሚሰገደው ሰላት ተሰገደ። ከሺንሺቾም ከዶዮገናም ሰው መጣ፤ በበሩ ዓይኑን ሰብሮ ያልፍ የነበረው ጎረቤት ሁሉ ገብቶ አላህ ያጽናሽ አላቸው። እኔም ሦስት ቀን ተቀመጥኩ፤ ቢሮ ቀርተሃል ብለው ቢጽፉብኝ ግድ አልነበረኝም። በየቀኑ ስድስት ሰዓት ሲሆን ሁላችንም ሳንነጋገር ወደ ቤቱ ውስጥ እናያለን። መብራቱ አልበራም። ማታ ማታ ግን እንደሚገባው በራ፣ እስኪነጋም ቆየ።

በሦስተኛው ቀን ከመመለሴ በፊት እትዬ ዙበይዳን አስፈቅጄ እንደገና ወጣሁ። ማርከሬን አወጣሁ። «አልተጠገነም» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዝኩት፣ እንዲነበብ ግን ተውኩት። ከሥሩ «ተጠግኗል» ብዬ ጻፍኩ። የጠጋኙ ስም የሚገባበት ቦታ ላይ ብዙ ቆየሁ። ቴስተር ያላነበበውን የማላምን ሰው ነኝ ብያለሁ። የጋሽ ወልዴም ሕግ ሕግ ነው፣ ያልሠራሁት ላይ አልፈርምም፣ የሠራውን ሰው ስሙን አልነፍገውም። ኑረዲን ብዬ ጻፍኩና ወረድኩ።